በገብስ የተለካ ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ አቦ ከታክሲ ወርጄ በአንድ እንጨት ቤት በር ሳልፍ፣ አዲስ የተቆረጠ ችፑድና የኮላ ሽታ ከውስጥ ወጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ይህ ሽታ ሌላውን ሰው ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ አልጋ ይሆናል፣ ቁም ሣጥን ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ቅናትን ነው። ሳላስበው ቆሜ ቀረሁ። ውስጥ ያለው ሠራተኛ መጋዙን አጥፍቶ «ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ። «ምንም» ብዬ አለፍኩ። ምን ልበለው? አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ነበርኩ ልበለው?

አባባ አናጢ ነበር። ቤታችን አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጫማን ከእግር የሚነጥቅበት ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች ጠባብ ቦታ አልጋና ቁም ሣጥን ሲሠራ ኖረ። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ሙዚቃ ቤቶችም ሚኒባሶችም ቤዝ፣ ያንን ደረት የሚመታ ወፍራም ድምፅ፣ መውደድ ጀመሩ። ሰዎች የእንጀራ ሰፌድ የሚያክል ስፒከር በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡና «ጋሽ ቶላ፣ ለዚህ ቤት ሥራለት» ይሉታል። ቤት የሚሉት ሣጥኑን ነው። ሣጥን የሌለው ስፒከር ቢጮህም አይመታም፤ አፉን ከፍቶ እንደሚያለቅስ ሕፃን ነው።

ይህን ሥራ አባባን ማንም አላስተማረውም። ጥሩ ድምፅ ያላቸውን ከውጭ የመጡ ሣጥኖች እያየ፣ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየለጠፈ፣ አንድ ነገር በራሱ ደረሰበት፤ የሣጥን ድምፅ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። «ውጪውን እንደፈለግህ አድርገው» ይላቸዋል ደንበኞቹን፣ «አሳጥረው፣ አስረዝመው፣ በወንበር ሥር አስተኛው። ሆዱን ግን አትንካብኝ።»

ሆድ እንዴት ይለካል? ሣጥኑ ጠማማ ነው፣ ውስጡ ድጋፍ እንጨት አለው፣ በሜትር አይሆንም። ውኃ እንዳይጨምርበት እንጨቱ ያብጣል። አሸዋ ይቧጭራል። ጤፍ በየስንጥቁ ገብቶ ይቀራል። «ገብስ ግን ጨዋ ነው» ይል ነበር አባባ። ስለዚህ ጥሩ የሚባል ሣጥን ሲያገኝ ስፒከሩን ፈትቶ፣ ሣጥኑን በጀርባው አስተኝቶ፣ በቀዳዳው በኩል በዘይት ጣሳ ገብስ እየሰፈረ ይሞላዋል። ስንት ጣሳ እንደዋጠ ይያዛል። ከዚያ የፈለገውን ቅርጽ ይሠራል፤ ብቻ አዲሱም ሣጥን ያንኑ ያህል ጣሳ መዋጥ አለበት።

ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። አባባ ይሰፍራል፣ እኔ እቆጥራለሁ። ከአንድ እስከ ሃያ እቆጥርና አንዲት የሽምብራ ቆሎ የበረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። መጨረሻ ላይ ሽምብራዎቹን ቆጥረን ትርፉን እንጨምራለን። ሽምብራዎቹን መብላት የቆጣሪው መብት ነበር። ከዚያ የጣፈጠ ሽምብራ እስከ ዛሬ በልቼ አላውቅም።

ታዲያ በግንቦት አንድ ቀን ተሳሳትኩ። የዚያን ሰሞን ቁጥሮቹን ማዜም ጀምሬ ነበር፤ «አሥራ አንድ» ስል ቤት የሚመታላት ቃል እፈልግላታለሁ፣ ሳገኝ ደስ ይለኛል፣ በደስታዬ መካከል ሁለት ሦስት ጣሳ ያልፈኛል። አባባ ጆንያው ውስጥ የቀረውን ገብስ አይቶ ወዲያው ያዘኝ። አሮጌው ጆንያችን ስንት ጣሳ እንደሚይዝ በቃሉ ያውቅ ነበር። አልተቆጣም። «ልብሽ የት ነው ራሂ?» ብቻ አለኝና ራሱ እንደገና ቆጠረ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ቦንቱ መጣች።

ቦንቱ የአባባ ታላቅ ወንድም ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ቤታቸው ቂሊንጦ፣ እርሻው መሐል ነበር። መሬታቸው ለግንባታ ተለክቶ ችካል ተተከለበትና ቤቱን ለቀው ሌላ ቦታ መግባት ነበረባቸው። «እስኪደላደሉ ድረስ እኛ ጋ ትሁን» አለ አባባ። እኔ «እስኪደላደሉ» የሚለው ለዘላለም መሰለኝ። በጋሪ መጣች፤ ኮንጎ ጫማ ተጫምታ፣ አንድ ኩንታል ገብስ ላይ ተቀምጣ። ገብሱ ከዚያ መሬት የታጨደ የመጨረሻው ነበር። ያን ጊዜ ይህ ምንም አልመሰለኝም። ገብስ ገብስ ነው።

ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ውኃ ስታቀርብለት «እንኩ አባባ» አለችው።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። እማዬን ወደ ጓዳ ተከትያት ገባሁ።

«አባባ ነው የምትለው!»

«ታዲያ ምን ትበለው? አቶ ቶላ?»

«አባቷ አይደለማ!»

«የአባቷ ወንድም ነው። ነውር እንዳትናገሪ፤ ትሰማሻለች።» እማዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጠዋት ሺፍት ገብታ መምጣቷ ነበር፣ ድክም ብሏት። «ደግሞ 'እንኩ' ስትለው ሰምተሻል? አንቺ አንተ እያልሽ ነው የምትጠሪው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አንቱ ልለው ሞከርኩ። አባባ ሳቀብኝ።

ከሁሉ የከፋው ኦሮምኛው ነበር። አባባ ኦሮምኛ ሲናገር የምሰማው ዘመድ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እኔን አላስተማረኝም። ቦንቱ ከመጣች በኋላ ግን አባባ ውስጥ ሌላ አባባ እንዳለ አየሁ። ፈጣን፣ እጁን የሚያወናጭፍ፣ ጥርሱ እስኪታይ የሚስቅ። እኔ የማውቀው አባባ አፉ ውስጥ ቪቴ፣ የሚጠመዘዘውን ምስማር፣ ይዞ በአፍንጫው የሚመልስ ሰው ነበር። ያወራሉ፣ ይስቃሉ። አንድ ጊዜ በወሬው መካከል «ራሂ» ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለቱም በሣቅ ፈረሱ። ሳምንቱን ሙሉ ምን ብለው ይሆን እያልኩ ራሴን በላሁ። ቆጠራ መሳሳቴን እየነገራት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቦንቱ እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሦስት ዓመቴ ላይ የገብስ ጆንያ ውስጥ ገብቼ እንቅልፍ ወስዶኝ ሰፈሩ ሁሉ ወንዝ ለወንዝ ሲፈልገኝ መዋሉን ነበር የሚያወራላት።

በሐምሌ ጋሽ ታምሩ መጣ። ሳሪስ አቦ ሙዚቃ ቤት ያለው፣ ለሠርግ ድንኳን ስፒከር የሚያከራይ፣ ሆዱ ከሰውነቱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ከውጭ የመጣ ትልቅ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጋሪ አስጭኖ መጣ።

«ስማኝ ቶላ፣ ይቺ ሣጥን ከሚስቴ ትበልጥብኛለች።»

«ለሚስትህ እነግርልሃለሁ።»

«ታውቀዋለች!» ብሎ ሳቀ። «ሱቄ ውስጥ መተላለፊያ ዘጋችብኝ። ከመደርደሪያው ሥር የምትጋደም፣ ረጅምና ዝቅ ያለች አድርገህ ሥራልኝ። ድምፅዋ ግን ይህችው ራሷ ትሁን። ከሆነችልኝ ለድንኳኑም ስድስት ትሠራልኛለህ። ካልሆነች መርካቶ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ይቺን ደግሞ ከሰዓት በፊት መልስልኝ።»

ስድስት ሣጥን ማለት ክረምቱን ሙሉ ሥራ ማለት ነው። አባባ እጁን በሱሪው ጠረገ። ጣሳውን አነሣ። እኔ የበረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ቦታዬ ላይ፣ ተቀምጬ ነበር፤ ሽምብራዬንም በኪሴ ይዣለሁ።

«ቦንቱ፣ ነይ ቁጠሪ» አለ። ወደ እኔ ሳይዞር ጨመረበት፤ «ራሂ፣ አንቺ ጆንያውን ያዢ።»

ሽምብራውን ከኪሴ አውጥቼ ለቦንቱ ሰጠኋት። እንዴት እንደሰጠኋት አሁንም እጄ ያስታውሰዋል።

ቦንቱ ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ በኦሮምኛ ቆጠረች። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። አባባ ከንፈሩን ከእሷ ጋር ያንቀሳቅሳል። መሬት ላይ አንዲት ፍሬ ከወደቀች ቦንቱ ጎንበስ ብላ ታነሣታለች፤ ቆጠራዋን ሳታቋርጥ። ስስታም ናት አልኩ በልቤ። እኔ የጆንያውን አፍ ይዤ በአማርኛ፣ በልቤ፣ አብሬ ቆጠርኩ። አላዜምኩም። ቤት አልመታሁም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ ቆጥሬ አላውቅም። ስትሳሳት ልይዛት ነበር።

አልተሳሳተችም።

ሰማንያ ሦስት ላይ ዝናቡ መጣ። የአቃቂ ክረምት አያስጠነቅቅም፤ ከላይ ይደፋዋል። አባባ «ሸራውን! ሸራውን!» እያለ ወደ ሣጥኑ ሮጠ፣ ቦንቱም ሸራውን ልታመጣ ሮጠች። እኔ ጆንያውን ወደ በረንዳው ጎተትኩ። እዚያው አጠገቤ፣ ጠርዙ ላይ፣ አራት ሽምብራ ተደርድሯል።

አንዷን አንሥቼ በላሁ።

ጥርሴ ሥር ስትሰበር የሰማሁት ድምፅ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ የሚበልጥ መሰለኝ። ማንም ዞር አላለም። ሣጥኑንም ጆንያውንም በረንዳ ላይ አሰባሰቡ፤ ቦንቱ «አፉር»፣ አራት፣ ብላ ካቆመችበት ቀጠለች።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሲጨርሱ አባባ ጆንያው ውስጥ የቀረውን ያያል፣ እኔን እንደያዘኝ እሷንም ይይዛታል፣ «ልብሽ የት ነው ቦንቱ?» ይላታል። በቃ። ከዚያ ያለፈ ክፋት አልነበረኝም። ግን አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ያ ጆንያ የቂሊንጦው ጆንያ ነው። ስንት ጣሳ እንደሚይዝ ማንም ለክቶት አያውቅም።

«አምስት ሽምብራ፣ ትርፍ ሰባት» አለች ቦንቱ።

አባባ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ግድግዳው ላይ 107 ብሎ ጻፈ። የእኔ ቁጥር መቶ ሃያ ሰባት ነበር። ቦንቱ ከአምስቱ ሽምብራ ሁለቱን አካፈለችኝ። አልበላኋቸውም፤ ለዶሮ ሰጠኋቸው።

ሣጥኑ በስምንት ቀን ተሠራ። በዚያ ስምንት ቀን ያንን ቁጥር ግድግዳው ላይ ሳላየው የዋልኩበት ቀን የለም። አባባ ችፑዱን ቆረጠ፣ ኮላውን ከሰጋቱራ ጋር አቡክቶ መጋጠሚያውን ሁሉ ደፈነ። እኔና ቦንቱ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን እናሻለን፤ አቧራው ቅንድባችን ላይ ተቀምጦ አሮጊቶች መሰልን። እሷ አየችኝና ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ትዝ አለኝና ተውኩት። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። ከዚያ አባባ «ቦንቱ፣ ያዢልኝ» ይላል፤ አፌ መልሶ ይዘጋል።

ጋሽ ታምሩ መብራት ባለን የፈረቃ ቀን፣ ጠዋት፣ ስፒከሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ከመቀመጡ በፊት ጀመረ።

«ገብስህ ጉድ አደረገኝ! ሣጥኔን ብከፍት ሽሽሽ ትላለች። ደንበኛ 'ምን ዓይነት ዘፈን ነው' ይለኛል። ግማሽ እፍኝ አወጣሁባት! ሁለተኛ እዚያ ውስጥ እህል አይገባም፤ ጎተራ አይደለችም።»

አባባ ይቅርታ እየጠየቀ ስፒከሩን አዲሱ ሣጥን ላይ በቪቴ አሰረ። ሽቦው ተቀጠለ። ጋሽ ታምሩ ሁልጊዜ የሚሞክርበትን ሲዲ አስገባ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ዘፈኑ ተጀመረ። እኔ ቤዝ ሲመታ ደረቴ ላይ የሚሰማኝን አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ከውስጥ በር የሚያንኳኳ ይመስላል። ያ አልመጣም። የመጣው ትራስ አፉ ላይ የተጫነበት ሰው ድምፅ ነው። ጋሽ ታምሩ ዓይኑን ገለጠ።

«ታንቋል።»

አባባ ክብሪት ለኩሶ በመጋጠሚያው ዙሪያ አዞረ። አየር የሚያመልጥበት ቦታ ቢኖር ነበልባሉ ይርገበገባል። ቀጥ ብሎ ቆመ። ስፒከሩን ፈታ፣ ገብስ አስመጣ፣ ራሱ ሰፍሮ ራሱ ቆጠረ። መቶ ሰባት። ልክ።

«ሣጥኑ ልክ ነው» አለ።

«ጆሮዬስ? የመጀመሪያው ቆጠራ ተሳስቶ ይሆን እንዴ?»

«ቦንቱ ቆጥራ አትሳሳትም።»

ይህን ሲል እኔ በሁለቱ መካከል ጣሳ ይዤ ቆሜ ነበር።

«እስከ ቅዳሜ» አለ ጋሽ ታምሩ፣ ስፒከሩን እየጠቀለለ። «ስለማከብርህ ነው፣ ቶላ። ከቅዳሜ በኋላ መርካቶ ነኝ።»

አባባ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሣጥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንጨቱን ያሻሻል። እማዬ ልታጽናናው «ችፑዱ ይሆናል፤ የዘንድሮ ችፑድ ሰጋቱራ ብቻ ነው» አለችው። «አይደለም» አለ። «እጄ ነው። ሳላውቀው ነው የገባሁበት። ወደ አልጋዬ ብመለስ ይሻላል።» አልጋ ማለቱ የሚሠራውን አልጋ ነው፤ እኔ ግን ሊተኛ፣ ታሞ ሊተኛ መሰለኝ። አሁን እናገራለሁ፣ አልኩ። እስከ ሦስት ቆጥሬ እናገራለሁ።

አንድ።

ሁለት ላይ ቦንቱ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራለች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል።» ይህን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ሁላችንም እንድንሰማ። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ገብሱን ይሽጡትና በእሱ እንጨት ይግዙ።»

አባባ ቀና ብሎ አያት። ኮላ የደረቀበትን ትልቅ እጁን አንሥቶ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፈው። «ተይ ልጄ» አላት። «ተይ። ሰው ይሳሳታል።»

እጁ እዚያው ቆየ።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ሕሊናሽ ነው ያናገረሽ ይለኛል። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። ያ እጅ የእኔ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታውም የእኔ ነው። አባቴን ወሰደች፣ ቆጠራዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ የሠራሁትን ጥፋት እንኳ ቀምታኝ ተዳበሰችበት። ከመቀመጫዬ ስነሣ ጣሳው ተንከባለለ።

«ውሸቷን ነው! እሷ አልተሳሳተችም! እኔ ነኝ! ሽምብራዋን የበላኋት እኔ ነኝ!»

እማዬ ከበሩ ላይ «ምን?» አለች። አባባ እጁን ከቦንቱ ራስ ላይ አነሣ፤ ያን ግን አየሁ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ አየሁት።

«ስንት ነበር?» አለኝ።

«መቶ ሃያ ሰባት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አብሬ ቆጥሬያለሁ። በልቤ።»

«ታዲያ ያን ቀን ልብሽ እዚሁ ነበር ማለት ነው» አለ። ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅሁም፤ አሁንም አላውቅም። አልመታኝም። ጭንቅላቴንም አልዳበሰም። ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ሰረዘና ከሥሩ አዲሱን ጻፈ፤ መላጊያውን አነሣ።

ቦንቱ እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም። በማግስቱ ልብስ ስናሰጣ ድንገት «ሽምብራ ካማረሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ። ከልቧ ነው። ርቦኝ የበላሁ መስሏት ነበር። «እንጃ» አልኳት። «ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ» አለችና እርጥቡን አንሶላ በአንድ ጫፍ አቀበለችኝ።

ቅዳሜ ጋሽ ታምሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አልገለጠውም፣ ሲገልጠው «ስድስቱን መቼ ትጀምራለህ?» አለ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ያንን ነው። እኔ የማስታውሰው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ዓርብ ነው።

አባባ የሣጥኑን ጎኖች አፍርሶ ከፍታውን በሦስት ጣት ጨምሮ መልሶ ገጥሞታል፤ ኮላው ገና ይሸታል። ዝናብ አልነበረም። ጆንያውን ራሱ አቀረበ፣ ጣሳውን አነሣ፣ ሁለታችንንም ጠራን።

«ሁለታችሁም ቁጠሩ። ቁጥራችሁ ካልገጠመ ገልብጠን እንደገና ነው።»

ቦንቱ በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ። ጮክ ብለን። መጀመሪያ ላይ ድምፃችን ተጋጨ፤ ከዚያ እሷ ትንሽ ቀድማ፣ እኔ ትንሽ ዘግይቼ፣ መንገድ ያዝን። አርባ አለፈ። ስድሳ አለፈ። አፌ ይቆጥራል፤ ዓይኔ ግን አባባ ፊት ላይ ነው። እሷ ስትጠራ ቀና ይላል? እኔ ስጠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል? አንዴ ያለ መሰለኝ፤ እንደገና ልይዘው ስጠብቅ የሆነ ቦታ ላይ ቁጥሬ ከእጄ ወጣ። ከዚያ በኋላ የቦንቱን ድምፅ እየተከተልኩ ዝም ብዬ አጉተመተምኩ።

«ስንት?» አለ አባባ ጣሳውን አስቀምጦ።

«መቶ ሃያ ሰባት» አለች ቦንቱ።

«አንቺስ?»

«እኔም» አልኩ።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። የሚያየኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። አላየኝም። እሷንም አላየም። የሣጥኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ገብሱን በመዳፉ እያስተካከለ፣ ሞልቶ ከጠርዙ ጋር እኩል መሆኑን በጣቱ እየዳበሰ፣ እሱን ብቻ ነበር የሚያየው።